ቪትዟን ሸጬ ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ጋዝ ላስገጥም? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ ቪትዝ 2003 ሞዴል አለችኝ፣ አዲስ አበባ ራይድ ነው የምሰራባት፣ በቀን 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ እነዳለሁ። የቤንዚን ሰልፉም ዋጋውም አማርሮኛል። ጎረቤቴ ቤንዚን መኪና በቅርቡ ከመንገድ ይነሳል፣ ሳይረክስብህ ሽጣት ይለኛል። አንድ ጋራዥ ደግሞ የጋዝ ሲሊንደር እንግጠምልህ ወጪህ በግማሽ ይቀንሳል አሉኝ። ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ልላክልህ፣ ቀረጥ የለውም ይላል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። በዓመት ሁለት ሶስቴ ደሴ ቤተሰብ ጋር እሄዳለሁ። ባትሪው 5 ዓመት ሲሞላው ይሞታል የሚሉም አሉ፣ ሕዳሴ ስላለቀ የመብራት ነገር አያሳስብም የሚሉም አሉ። ኢንጂነር ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ፦ ከጎረቤትህ ወሬ እንጀምር፣ ምክንያቱም የሚያስቸኩልህ እሱ ነው። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ለፓርላማ የተናገሩት ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑን ነው። እንዳይገባ ነው የተባለው እንጂ የገባው ከመንገድ ይውጣ አልተባለም። ያንተ ቪትዝ ሊብሬ ያላት፣ ታርጋ ያላት፣ በየዓመቱ ምርመራ አልፋ ቦሎ የምትለጥፍ መኪና ነች፣ እገዳው እሷን አይነካትም። እንደውም አዲስ ቤንዚን መኪና መግባት ሲቆም እዚ ያሉት ዋጋቸውን ይዘው ነው የቆዩት፣ ስለዚ ነገ ትረክሳለች ብለህ ዛሬ በተገኘው ዋጋ አትጣላት። ተደናግጦ የሚሸጥ ሰው ካለ ደስ የሚለው ደላላው ብቻ ነው።

መንግስት ለምን እንደዚ አደረገ የሚለውን ማወቅ ግን ይጠቅምሃል፣ ወደፊት ምን እንደሚመጣ ስለሚነግርህ። ሚኒስትሩ ያኔ እንዳሉት ሀገሪቱ በአንድ ዓመት ለነዳጅ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ነው ያወጣችው፣ ከዛ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ለተሽከርካሪ ነው። ነዳጁ በዶላር ይገዛል፣ መብራቱ ግን እዚው ከውሃ ይመነጫል። ድጎማውም ከ2014 ሐምሌ ጀምሮ ለህዝብ ትራንስፖርት ብቻ እየተባለ ለቤት መኪና ቀስ በቀስ ተነስቷል። ቤንዚን ወደ ድሮ ዋጋው ይመለሳል ብለህ አትጠብቅ። አንተን የሚገፋህ ዋጋው ነው፣ ሕግ አይደለም፣ ስለዚ ተረጋግተህ የምታስብበት ጊዜ አለህ።

አሁን ቀረጥ። "ቀረጥ የለውም" የሚባለው ግማሽ እውነት ነው፣ በዚ ምክንያት ጅቡቲ ወይ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ገንዘብ ያጠረው ሰው ብዙ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ውሳኔ ኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ተደረገ። የጉምሩክ ቀረጡ ግን አልተነሳም፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበታትኖ የሚመጣው 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ እዚ የሚገጣጠመው ዜሮ ተባለ። ያኔ ትልቅ ማበረታቻ የሆነው ኤክሳይሱ ነው። በኤክሳይስ አዋጅ 1186/2012 አዲስ ቤንዚን መኪና እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከዛ በላይ 100 በመቶ ነበር፣ ያረጀ ከሆነ ደሞ እስከ 500 በመቶ ይወጣ ነበር። ከዚ ጋር ስታስተያየው ኤሌክትሪክ ርካሽ መምሰሉ አይገርምም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በል። አንደኛ እንዲ አይነት ማበረታቻ በመመሪያና በደብዳቤ የሚሰጥ ስለሆነ በመመሪያና በደብዳቤ ይነሳል ወይ ይቀንሳል። አንተን የሚመለከትህ ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) በሚመዘገብበት ቀን ያለው ነው፣ መኪናውን በገዛህበት ቀን የነበረው አይደለም፣ መርከብ ላይ እያለ ቢቀየር መከራከሪያ የለህም። ሁለተኛ ማበረታቻው የሰጠህን ምንዛሪው ወስዶታል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ዶላሩ የት እንደደረሰ ታውቃለህ፣ ከዛ በፊት የሰማኸውን የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ሁሉ እርሳው። ሰው "እገሌ በዚ ብር ነው ያስገባው" ሲልህ መጀመሪያ መቼ ብለህ ጠይቅ።

ስለ አክስትህ ልጅ። ሀሳቡ መጥፎ አይደለም ግን ዱባይ ያለ መኪና ሁሉ አንድ አይደለም። እዛ ገበያ ላይ ሁለት አይነት ታገኛለህ፣ አንዱ ለገልፍ ተብሎ የተሰራ ሲሆን የመሙያ አፉ ሲሲኤስ ቱ ነው፣ ሌላው ከቻይና ለቻይና ገበያ ተሰርቶ በዱባዩ ጀበል አሊ ወደብ በኩል የሚያልፈው ሲሆን አፉ ጂቢቲ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኤሌክትሪክ መኪና አብዛኛው ከቻይና የመጣ ስለሆነ ጂቢቲ ነው የለመደው፣ ባለሙያውም፣ ገመዱም፣ መለዋወጫውም ወደዛ ያጋደለ ነው። ቤት በዝግታ ለመሙላት አዳፕተር ችግሩን ይፈታል፣ ለፈጣኑ ዲሲ ቻርጀር ግን አዳፕተሩ ውድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ አያስተማምንም። ሌላው የገልፍ ሙቀት ነው። ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ በተለይ የባትሪ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሌላቸው እንደ ድሮ ኒሳን ሊፍ ያሉት እዛ ሶስት አራት በጋ ካሳለፉ ሲመጡ ሜትሩ ላይ ሙሉ ይላል፣ ሲነዳ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚ ቪዲዮ ብቻ አይላክልህ፣ ኦቢዲ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ተሰክቶ የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ፎቶ ከሻሲ ቁጥሩ ጋር ይላክልህ። ከ85 በታች ከሆነ ለራይድ አትግዛው። ቀረጡን በተመለከተ ጉምሩክ የራሱን ዋጋ ነው የሚይዘው፣ የአክስትህ ልጅ የከፈለበትን ደረሰኝ ይቀበላል ብለህ አትቁጠር። ዶላሩ ከየት መጣ፣ ፍራንኮ ቫሉታ (ከባንክ ዶላር ሳይጠይቁ በራስ የውጭ ምንዛሪ ማስገባት) ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውንም መኪናው ከመጫኑ በፊት ጨርስ፣ ወደብ ላይ በቆመ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል።

አሁን ጋዙ። ይሄን በግልጽ ልንገርህ፣ አታስገጥም።

ምክንያቱ ቴክኖሎጂው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፣ ቱርክና ጣሊያን ሚሊዮኖች በጋዝ ይነዳሉ። እዚ ግን ጋራዡ የሚነግርህ ጋዝ ኤልፒጂ ነው፣ ማለትም የምግብ ማብሰያው ሲሊንደር ውስጥ ያለው፣ እሱም እንደ ቤንዚኑ በዶላር ተገዝቶ ነው የሚገባው። ከቤንዚን ሰልፍ ወጥተህ ሰፈር ውስጥ ጋዝ ጠፋ እየተባለ እናቶች ባዶ ሲሊንደር ይዘው የሚዞሩበት ሰልፍ ውስጥ ነው የምትገባው። ሊትር በሊትር ደሞ የጋዝ ጉልበቱ ከቤንዚን ያነሰ ስለሆነ ፍጆታህ ከ20 እስከ 25 በመቶ ይጨምራል፣ "በግማሽ ይቀንሳል" ያሉህ ይሄን ሳይቆጥሩ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ደህንነቱ ነው። የመኪና ጋዝ ታንክ 80 በመቶ ሲሞላ የሚዘጋ ቫልቭ አለው፣ ጋዙ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲቀረው። የማብሰያው ሲሊንደር ለዛ አልተሰራም፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተኝቶ በየስፒድ ብሬከሩ እየተናጠ እንዲሄድም አልተሰራም። ኤልፒጂ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈሰሰ ወደ ላይ አይበተንም፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ተሳፋሪ ከኋላ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲሰካ የምትወጣ ብልጭታ ትበቃዋለች። በዛ ላይ የመኪናን ነዳጅ አይነት መቀየር ሊብሬው ላይ መስፈር ያለበት ለውጥ ነው፣ ሳይፈቀድልህ ገጥመህ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ዞር ብሎ አያይህም።

በሶማሌ ክልል ካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የመጀመሪያው ምዕራፍ በመስከረም 2018 ተመርቋል፣ ትልቅ ነገር ነው፣ የሀገር ጋዝ ነው። ግን እሱ ሌላ ጋዝ ነው፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ሆኖ ወይ በከፍተኛ ግፊት ታምቆ የሚሄድ፣ ሌላ ታንክና ሌላ ማደያ የሚፈልግ። ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ተስፋ አለው፣ ላንተ ግን እንደ ቤንዚን በየሰፈሩ የምትቀዳበት መስመር የለም፣ የዛሬው ጋራዥ የሚገጥምልህ ዕቃም ነገ ለሱ አይሆንም። ኢታኖልም እንደዛው፣ ከ2001 ጀምሮ የፊንጫና የመተሃራ ስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ 5 በኋላ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር፣ እሱ ግን ተደባልቆ ማደያው ጋር የሚደርስ ነበር እንጂ ሹፌር መርጦ የሚገዛው ነገር አልነበረም። ራስህ ገዝተህ ልደባልቅ ብትል ውሃ ያለው አልኮል ነው የምታገኘው፣ የቪትዟን የነዳጅ ፓምፕና ጎማ መስመሮቿን ይበላብሃል። ሃይብሪድ አልጠየቅከኝም ግን ደላላ ማንሳቱ አይቀርም፣ ከላይ ያልኩህ ነጻ መሆን የተሰጠው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ነውና "ሃይብሪድም ያው ነው" የሚልህ ካለ ከጉምሩክ የተጻፈ ነገር ያሳይህ።

ስለዚ ጥያቄው ኤሌክትሪክ ወይስ ቪትዟ ወደሚለው ይወርዳል። ሂሳቡን አብረን እንስራው፣ አንተ የዛሬውን ዋጋ ተክተህ ድገመው። በወር 26 ቀን ብትሰራ 2600 ኪሎ ሜትር ነው። ቪትዝ በአዲስ አበባ መጨናነቅ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ብትበላ 182 ሊትር፣ ሊትሩን በ120 ብር አስበው፣ 21,840 ብር። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) ብትወስድ 390፣ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረህ 430 ኪሎዋት ሰዓት። አንዱን ሆን ብለን አስወድደን በ10 ብር ብንይዘው እንኳን 4,300 ብር። ልዩነቱ በወር ከ17 ሺህ ብር በላይ ነው፣ የዘይትና የፊልትሮ ወጪ ሳይቆጠር። ለአንተ ለምትሮጠው ይሄ ትልቅ ብር ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን የመኪናውን ዋጋ ለመመለስ ዘመን ይፈጃል። የመብራት ታሪፍም እንዳለ አይቆይም፣ ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሶስት ወሩ እያለ ለ4 ዓመት እንዲጨምር ነው የተወሰነው፣ በዛ ላይ የቤት ታሪፍ በፍጆታ ደረጃ ስለሆነ መኪናው ብቻውን 430 ሲወስድ ቤትህ ከነምጣዱ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። እኔ 10 ብር ብዬ ያስወደድኩት ለዚ ነው፣ እሱም ሆኖ ያዋጣል።

ግን ይሄ ሁሉ የሚሰራው ማታ ቤትህ የምትሞላ ከሆነ ነው። ያንተ ትልቁ ችግር እዚ ጋር ነው እንጂ ቀረጡም ባትሪውም አይደለም። 4ኛ ፎቅ ነህ። መኪናው ታች ይቆማል፣ ቆጣሪህ ደሞ ደረጃው ሥር ወይ ቤትህ በር ላይ ነው። ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ፣ ከሳሎን ሶኬት ኤክስቴንሽን ሰክቶ በበረንዳ ገመድ ይለቃል። የሳሎን ሶኬት ሽቦ ባብዛኛው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፣ ለቲቪና ለካውያ የተዘረጋ፣ ካውያ 10 ደቂቃ ይሰራና ይጠፋል፣ ቻርጀር ግን 16 አምፔር ይዞ 5 ሰዓት ያለ እረፍት ይጎትታል። ሲቃጠል መጀመሪያ የሚሄደው ሶኬቱ ነው፣ ፕላስቲኩ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከውስጥ ሽቦው የታሰረበት ብሎን ላልቶ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። እኛ ጋር ለጥገና ከሚመጡ ቻርጀሮች ብዙዎቹ ራሳቸው ደህና ናቸው፣ የተቃጠለው የተሰኩበት ነው። ክረምት ላይ ደሞ የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን መሬት ላይ ዝናብ ላይ ተኝቶ ልጆች በላዩ ይሮጣሉ። ይሄን አታድርግ፣ አንድም ቀን አታድርግ።

የሚሰራው እንዲ ነው። መጀመሪያ የኮንዶሚኒየሙን ማህበር ወይ ኮሚቴ አናግር፣ ቋሚ የፓርኪንግ ቦታ እንዲሰጥህና ከራስህ ቆጣሪ ወደዛ መስመር እንድታወርድ በቃለ ጉባኤ ይጻፍልህ፣ በቃል ብቻ ከሆነ ኮሚቴው ሲቀየር ገመድህን ያስነሱሃል። ከዛ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ይዘርጋልህ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ርቀቱ 30 ሜትር ከደረሰ ከ6 ሚሊ ሜትር ካሬ ያላነሰ፣ የራሱ ብሬከር፣ ሰው ሲነካው የሚቆርጥ መከላከያ፣ በቱቦ ውስጥ። ኧርዝ (ያፈሰሰ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የግድ ነው፣ ብዙ ቤታችን ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቀዳዳ አለ ጀርባው ግን ምንም አልታሰረበትም፣ ደህና ቻርጀር ይሄን ሲያይ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል፣ ያኔ አንዳንድ ሰው ኧርዙን ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር አገናኝቶ ያታልለዋል። ይሄ ሰው ይገድላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ሲበጠስ የመኪናው ቦዲ 220 ቮልት ተሸክሞ ይቆማል፣ በሩን የሚነካው ልጅህ ሊሆን ይችላል።

ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር አትፈልግ፣ አያስፈልግህም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በ16 አምፔር ከምሽቱ 5 ሰዓት ሰክተህ ሌሊቱ ሳይነጋ ይሞላል፣ በ10 አምፔር እንኳን በ8 ሰዓት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚወስድ ምጣዱና ቻርጀሩ እኩል ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አትሰካ። የካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሂሳቡን ቀድመህ ሙላ፣ ሌሊት ካለቀ ጠዋት ባዶ መኪና ነው የሚጠብቅህ።

ኮሚቴው እምቢ ካለስ? ከተማው ውስጥ መሙያ እየጨመረ ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 አዲስ አበባ ላይ በቴሌብር የሚከፈልበት ፈጣን ቻርጅ ጣቢያ ከፍቷል፣ የግሎችም አሉ። ግን ኑሮህን በሱ ላይ አታቁም። ሰልፍ አለው፣ ከቤት ይወደዳል፣ እዛ የምትቆመው ሰዓት ተሳፋሪ የማታነሳበት ሰዓት ነው፣ ቤንዚን ማደያ ላይ ያስመረረህን ነገር መልሰህ ማምጣት ነው። ሌላ አማራጭ ማታ የሚጠበቅ ፓርኪንግ ወይ ግቢ ያለው ዘመድ ጋር መስመር አስገብቶ በራሱ ንዑስ ቆጣሪ መክፈል ነው፣ ይሄን የሚያደርጉ ሹፌሮች አሉ፣ ይሰራል፣ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን እንጂ።

ሕዳሴን በተመለከተ። ግድቡ በጳጉሜ 2017 ተመርቋል፣ 5150 ሜጋዋት አቅም አለው፣ ለሀገር ኩራት ነው፣ የማመንጨት ጥያቄን ትልቅ ክፍል ይመልሳል። ሰፈርህ ላይ መብራት የሚጠፋው ግን ባብዛኛው ከማመንጨት አይደለም፣ ከትራንስፎርመሩ፣ ካረጀው ምሰሶ፣ ከተጨናነቀው መስመር ነው። ግድቡ ላይ ኃይል ቢትረፈረፍም ያንተ ብሎክ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ትጨልማለህ። ስለዚ ባትሪውን ከ40 በመቶ በታች አታሳድር፣ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ የነገ ሥራህን ግማሽ እንድትሰራ። ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ የሚል ሰፈር ከሆነ ደሞ መስመሩ ላይ የቮልቴጅ መከላከያ ይግባ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚመጣው ግፊት ነው የመኪናውን ውስጣዊ ቻርጀር የሚያቃጥለው፣ እሱ ደሞ ውድ ነው።

ባትሪው በ5 ዓመት ይሞታል የሚለው ትክክል አይደለም። ባትሪ አይሞትም፣ ይቀንሳል። የቻይናው አምራች ቢዋይዲ የሚጠቀምበት ኤልኤፍፒ (ብረትና ፎስፌት ያለበት ሊቲየም) አይነት ባትሪ ደህና ከተያዘ ያንተን ሩጫ ለብዙ ዓመት ይችላል፣ የአዲስ አበባ አየር ደሞ የሚስማማው አየር ነው፣ አይሞቅም አይበርድም። ከፍታውም ለኤሌክትሪክ ሞተር ምንም አይደለም፣ ያንተ ቪትዝ ግን 2300 ሜትር ላይ አየሩ ስለሳሳ ከጉልበቷ ወደ አንድ አምስተኛው ታጣለች፣ እንጦጦን ስትወጣ የምትሰማው እሱን ነው። ኤልኤፍፒ ከሆነ በሳምንት አንዴ 100 ድረስ ሙላው፣ መለኪያው እንዳይሳሳት፣ ኤንኤምሲ (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሊቲየም) ከሆነ በአዘቦት ቀን 80 ላይ አቁመው። ባትሪን የሚገድለው እዚ ሀገር ሌላ ነገር ነው። አንዱ ድንጋይ ነው፣ ባትሪው ከታች ወለሉ ላይ ነው ያለው፣ ትናንሾቹ መኪኖች መሬት ይቀርባሉ፣ ኮብልስቶን ላይና ያልተስተካከለ ጠጠር ላይ አንዴ ከተመታ መያዣው ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል። ሌላው ላቫጆ ነው፣ ሞተር ክፍሉን በግፊት ውሃ አታስመታ፣ ብርቱካናማ ገመድ ያለበትን ሁሉ ለማንም ጋራዥ አታስነካ። መኪናው አልነሳም ሲልህ ደሞ ብዙ ጊዜ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነች የምትደክመው፣ ትልቁ ባትሪ ተቃጠለ ብሎ የሚያስደነግጥህን ሰው ከማመንህ በፊት እሷን አስለካ።

ዋስትናን በሚመለከት አምራቾቹ ለባትሪ 8 ዓመት ይሰጣሉ የሚባለው እውነት ነው፣ ግን የተሰጠው መኪናው ለተሸጠበት ገበያ ነው። ከቻይና ገበያ በነጋዴ እጅ የመጣ መኪና እዚ ሲበላሽ አምራቹ አያውቅህም፣ ሲስተሙም በቻይንኛ ነው፣ አፕዴቱም አይመጣም። ስለዚ ሻጩ ራሱ፣ በራሱ ማህተም፣ ለባትሪውና ለሞተሩ ለስንት ጊዜ እንደሚቆም ውሉ ላይ ይጻፍ። የማይጽፍ ከሆነ ሌላ ሻጭ ጋ ሂድ፣ አሁን ሻጭ ሞልቷል።

ደሴ። 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቁጥሩ ብቻውን ግን አይነግርህም። የቻይና መኪና ላይ የተጻፈው ርቀት በራሳቸው መለኪያ ነው፣ 405 ከተባለ እዚ ከ250 እስከ 300 ነው ብለህ ያዝ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር እየወጣህ ነው፣ ጣርማ በርን ካለፍክ በኋላ እስከ ሸዋ ሮቢት ከ1800 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ እዛ ሞተሩ እየያዘ 5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይመልስልሃል፣ ፍሬንህም አይሞቅም፣ ይሄ ቤንዚን መኪና የማይሰጥህ ነው። ከዛ ግን እስከ ደሴ መልሰህ 1200 ሜትር ትወጣለህ፣ ለመውጣቱ ብቻ ሌላ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። በትንሽ ባትሪ መንገድ ላይ አንዴ ሳትሞላ አትደርስም፣ መንገድ ላይ ፈጣን ቻርጀር አለ ተብሎ ከተነገረህ ደሞ ደውለህ የሚሰራ መሆኑንና አፉ ካንተ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። አንዳንዱ ሆቴል ከሶኬት ያስሞላል፣ ያ ግን አዳር ነው። ለሁለት ሶስት ጉዞ ብለህ ብዙ ብር የሚጨምር ትልቅ ባትሪ አትግዛ፣ ለበዓል በአውቶቡስ ሂድ ወይ መኪና ተከራይ፣ በዓመት ከምታተርፈው ኢምንት ነው።

እንግዲ ምክሬ ይሄ ነው። ኤሌክትሪክ ግዛ፣ ላንተ ሩጫ ከዚ የተሻለ የለም፣ ግን ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። መሙያ ቦታህ በቃለ ጉባኤ ተጽፎ፣ መስመሩ ተዘርግቶ፣ ኧርዙ ተለክቶ እስኪያልቅ ቪትዟን አትሽጥ። ከዛ ኤልኤፍፒ ባትሪ ያለው፣ ከ38 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ፣ ጂቢቲ አፍ ያለው፣ እዚው ሀገር ቀረጡ ተከፍሎ የቆመ መኪና ግዛ፣ ዓይተህ፣ ነድተህ፣ ኦቢዲ አሰክተህ። የዱባዩ ርካሽ ቢመስልም ላንተ በመኪናው ላይ እንጀራህን ለምትጋግር ሰው ወደብ ላይ የሚባክነው ወር አያዋጣህም። ሙሉ ኢንሹራንስ ግባ፣ ባትሪው ከታች ቢመታ ይሸፈናል አይሸፈንም የሚለውን ፖሊሲው ላይ በጽሑፍ አስገባ፣ ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሳው እዛ ነው። ኮሚቴውም ዘመዱም ካልሆነልህ ግን ዘንድሮ አትግዛ፣ ቪትዟን ሰርቪሷን ጠብቀህ፣ የጎማ አየሯን እያየህ ንዳት፣ እሷ ገና አልጨረሰችም።

መስመሩ የተዘረጋ ቀን አንድ ነገር አድርግ። ሰክተህ አንድ ሰዓት ቆይና ሶኬቱን፣ መሰኪያውን፣ ብሬከሩን በእጅህ ጀርባ ንካ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅህን ካቃጠለህ ወዲያው ንቀልና ኤሌክትሪሺያኑን መልሰህ ጥራው፣ እስኪያስተካክል ድረስ አትክፈለው።